የእንደሻው እግርና የሚዞረው ወንፊት

ባለቤቴ እንደሻው ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነበር። ቀኑ እንዴት እንደዋለ እግሩ ይነግረኛል። በጣቶቹ መካከል ያለው ሥጋ እንደ ረጠበ ወረቀት ነጥቶ ከሆነ ውሃው በዝቶ ነበር ማለት ነው። ተረከዙ ላይ ቀይ መስመር ከወጣ ደግሞ ኖራው በርትቶ ነበር። ደጃፉ ላይ ዱካ፣ ያቺን አጭር የእንጨት መቀመጫ፣ አውጥቼ አስቀምጠውና በለብታ ውሃ አጥቤ፣ በአሮጌ ነጠላ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ አደርቃለሁ።

«ተይው ገላነሽ፣ ነገም ይረጥባል» ይለኛል።

«የነገው ለነገ ነው» እላለሁ፤ ማድረቄን ግን አልተውም።

ቤታችን ሐረር፣ ፈላና በር ነበር። እሱ የሚሠራው በሌላው በኩል፣ ከኤረር በር ወጥቶ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ትንሽ የቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የፋብሪካው ጌታ የውጭ ሰው ነው። ግሪክ ነው የሚሉ ነበሩ፣ አርመን ነው የሚሉም ነበሩ፤ እኛ «ሙሴ» ብለን አለፍነው። እዚያ የበሬና የፍየል ቆዳ በኖራ ውሃ ይዘፈዘፋል። ኖራው ፀጉሩን ሲያላቅቀው ሠራተኞች ይፍቁታል፣ ያጥቡታል። እጣቢው ከነፀጉሩ በቦይ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። በቦዩ አፍ ላይ የብረት ፍርግርግ ነበር። የእንደሻው ሥራ እስከ ጉልበቱ እጣቢው ውስጥ ቆሞ፣ ፍርግርጉ ላይ የሚጠመጠመውን ፀጉር በመንሽ እየሳበ ማውጣት ነበር።

ፀጉር ውሃ ውስጥ ምን እንደሚሆን ያላየ ሰው ሥራው ቀላል ይመስለዋል። አንዱ ካንዱ ይያያዛል፣ ይቋጠራል፣ እንደ ጨርቅ ይሸመናል። ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቀና ባለ ቁጥር ፍርግርጉ ይደፈናል፣ ውሃው ይነሣና በላዩ ይፈሳል። ስለዚህ ቀና አይልም። ዓመት ሙሉ ጎንበስ እንዳለ ነው።

ወደዚያ ቦይ የገባው ለአንድ ክረምት ብቻ ብሎ ነበር። አያቱ ከሸዋ የመጡ ወታደር ናቸው። አባቱ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ በኦጋዴን በኩል እንደወጡ ቀሩ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከእናቱ ጋር የቀረችው አንዲት የተሰነጠቀች ቤት ነበረች። ድንጋይ ተሸከመ፣ ጭነት አራገፈ፣ ከዚያ ሙሴ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሄደ። እናቱ እማማ በለጡ ይህን በሰሙ ቀን መቀነታቸውን ፈትተው እንደገና ጠበቅ አድርገው አሰሩና፣ «የወታደር ልጅ የቆዳ ፋቂ ሎሌ ሆነ» አሉ። ከዚያ በኋላ የእሱን ዋንጫ ለብቻው አስቀመጡት። ሲሞቱም ዋንጫው ለብቻው እንደተቀመጠ ነበር። እኔ ነኝ ከሌሎቹ ጋር የቀላቀልኩት።

ከዑመር ጋር የተዋወቁት በጠብ ነው። ዑመር ከፋብሪካው በታች ባለው ሸለቆ አትክልት የሚያለማ ገበሬ ነው። ሰላጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይተክላል፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ጫት አለው። ሚስቱ ሐሊማ አትክልቱን ተሸክማ ኤረር በር ትሸጣለች። በበጋ ከምንጩ የሚወርደው ውሃ ስለሚያንስ የፋብሪካው እጣቢ ከእርሱ ጋር እየተቀላቀለ ማሳቸውን ያጠጣል። እንደሻው ታሞ በዋለበት ሳምንት ሌላ ሰው ቦዩ ውስጥ ቢያቆሙ ሰውየው ፀጉሩን ለቀቀው። እንደሻው በተመለሰ ጊዜ ዑመር አንድ ራስ ሰላጣ አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለው።

«ሰላጣ ነው።»

«ሰላጣ ጢም ያወጣል? ወላሂ፣ ሚስቴን ገበያው ሁሉ ሳቀባት! ‹ሐሊማ፣ መጀመሪያ ላጪውና ሽጪልን› አሏት!»

እንደሻው ሰላጣውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «ጢም ካወጣማ ሽማግሌ ነው። እንዲህ አንጠልጥለህ አታሩጠው፤ አክብረህ ያዘው።»

ዑመር ሊማታ የመጣ ሰው ነበር። ግን ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆኑ። እንደሻው የሚያወጣውን የፀጉር ክምር ዑመር በአህያ እየወሰደ ለቤቱ ግድግዳ ከጭቃ ጋር ያቦካዋል፤ በምትኩ ለእኛ ካሮት ይልካል። ዓመት በዓል ሲሆን አብረን ሥጋ አንበላም፤ እነሱ የእኛን አይነኩም፣ እኛም የእነሱን። ቅጠላ ቅጠሉን ግን አብረን በላን።

እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት ገደማ የእንደሻው እግር ከእኔ ነጠላ አቅም በላይ ሆነ። በግራ እግሩ ጣቶች መካከል ያለው ቁስል አልዘጋ አለ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ወጣት ነው፤ እግሩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አገላብጦ አየ።

«አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

ነገረው።

«ከዚህ በኋላ ውሃ ውስጥ ከቆሙ ይኼ እግር ይቆረጣል። መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፤ ግን መድኃኒቱ መድረቅ ነው።»

እንደሻው በማግስቱ ለሙሴ ነገረው። ሙሴ ክፉ ሰው አልነበረም። ጫማውን አስወልቆ እግሩን አየና ፊቱን አዞረ።

«እንደሻው፣ ቦይ የሚገባ ሌላ ሰው አላገኝም፤ ሞክሬ አይቻለሁ። ግን ፀጉሩን የሚያጣራ መኪና አዝዣለሁ። በራሱ ይዞራል፣ ራሱን ያጸዳል። እሱ ሲሠራ አንተ በር ላይ ዘበኛ ትሆናለህ፤ ወንበር እሰጥሃለሁ። እሱ ካልሠራ ግን ሁለት ሰው ማኖር አልችልም። ገባህ?»

«ገብቶኛል ጌታዬ።»

ያን ቀን እግሩን ሳደርቅ፣ «ወንበር» አለኝ። «ወንበር፣ ገላነሽ። ከነመደገፊያው።» የምግብ ስም የሚጠራ ይመስል ነበር።

መኪናው በመርከብ ጅቡቲ፣ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደንገጎን ወጥቶ መጣ። አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ከድሬዳዋ አብሮት መጥቶ ተከለውና ሄደ። ምሳ ይዤ በሄድኩ ጊዜ አየሁት። እንደ ከበሮ የተጋደመ፣ ቁመቱ ከእኔ ትከሻ የማይበልጥ ነገር ነው። ዙሪያውን የለበሰው ግን ወንፊት ነው፤ ዱቄት ከምንነፋበት ትንሽ የሰፋ፣ የሽቦ ወንፊት። በጎኑ እንደ ውሃ ወፍጮ ያሉ መቅዘፊያዎች አሉት። እጣቢው ሲወርድ መቅዘፊያውን ይገፋል፣ ከበሮውም ይዞራል። ውሃው በወንፊቱ ዘልቆ ወደ ውስጥ ሲገባ ፀጉሩ ላዩ ላይ ይቀራል። ከበሮው ሲዞር ፀጉሩን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ ደግሞ እንደ ክንድ የረዘመ ክብ ብሩሽ በተቃራኒው እየተሽከረከረ ፀጉሩን ጠርጎ ገንዳ ውስጥ ይጥለዋል። ቀዳዳ ያለው ቱቦም ከላይ እንደ ካፊያ ያርከፈክፍበታል። ይቆሽሻል፣ ይዞራል፣ ይጠራል፣ ደግሞ ይቆሽሻል። በሌላው ጎን የሚወጣው ውሃ ደፍርሷል እንጂ አንዲት ፀጉር የለበትም።

እንደሻው መንሹን ተደግፎ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ያየው ነበር።

«እንደኔው ነው» አለኝ። «ግን እግር የለውም።»

ሙሴ ቆዳ ሊያስጭን ወደ ጅቡቲ ይሄድ ነበር። ከመሄዱ በፊት እንደሻውን ጠራና፣ «ስመለስ እንዲህ እየሠራ ካገኘሁት በማግስቱ ወንበሩ ያንተ ነው። እስከዚያ ጠብቀው» አለው። እንደሻው ጠበቀው። በነዚያ ቀናት እግሩ ደርቆ ይመጣ ጀመር። በቁስሉ ዳር አዲስ ቆዳ ወጣ፤ እንደ ሕፃን ገላ ሮዝ ነበር። ስነካው ይሰቀጥጠዋል፤ ነገር ግን ይስቃል።

ነገሩን ያበላሸው ሳጥን ነው።

ብሩሹ የመጣበት የእንጨት ሳጥን ጥሩ ጣውላ ነበር። ኪዳነወልድ የሚባል በልጅነቱ ቅዳሴ የተማረ ቆዳ ፋቂ ለቤቱ መቀመጫ ላድርገው ብሎ ወሰደው። ቤቱ ሲያደርሰው ሚስቱ ገለበጠችና ጮኸች። በሳጥኑ ጎን ላይ በጥቁር ቀለም ከርከሮ ተሥሏል። ጥርሱ ወጥቷል፣ የጀርባው ፀጉር ቆሟል። ጽሑፍም ነበረበት፤ ግን የፈረንጅ ፊደል ነው፣ ማን ያንብበው? እኔ ያኔ የአገሬንም ፊደል አልቆጠርኩም። አደም የሚባለው የፋብሪካው ባልደረባቸው በዚያ ሲያልፍ ጩኸቱን ሰምቶ ሥዕሉን አየ። በማግስቱ ፋብሪካው ሥራ ፈታ።

«የብሩሹ ፀጉር የእሪያ ነው» አለ አደም።

«በምን አወቅህ?» አለው እንደሻው።

«የሰርዲን ቆርቆሮ ላይ ምን ይሣላል? ዓሣ። ውስጡስ? ዓሣ። ታዲያ?»

«ክብሪቴ ላይ ዝሆን አለ። ውስጡ ዝሆን ነው?»

ኪዳነወልድ ጣልቃ ገባ። «አትቀልድ እንደሻው። ከዝሆን ክብሪት አይሠራም። ከእሪያ ፀጉር ግን ብሩሽ ይሠራል፤ ጣሊያን በነበረ ጊዜ ጢማቸውን የሚላጩበትን በዓይኔ አይቻለሁ። ይኼ ነገር በኦሪትም ርኩስ ነው።»

አደም፣ «በእኛም ነጃሳ ነው» አለ።

«ተመስገን፤ አንድ ቀን እንኳ ተስማማችሁ» አለ እንደሻው። ማንም አልሳቀለትም።

ሙሴ ጅቡቲ ነው፣ መካኒኩም ሄዷል፤ የሚጠየቅ የለም። ሰው ግን መልስ አልጠበቀም። ወሬው ከሰዓት በፊት ኤረር በር ደረሰ፤ ከሰዓት በኋላ ከሐሊማ ሰላጣ የሚገዛ ጠፋ። እስላሙም ክርስቲያኑም አልፏት ሄደ። ፀሐይ ላይ ዋለች፣ ቅጠሉ ጠወለገ፣ ተሸክማ ተመለሰች። ወዲያው ዑመር ወደ ቤታችን መጣ። ሁልጊዜ ሳቅ ይዞ ይገባ የነበረ ሰው ያን ቀን ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አልኩት።

«አልገባም እህቴ። እንደሻው፣ የሸለቆው ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። ያ ብሩሽ ካልወጣ ነገ ቦዩን በድንጋይ እንደፍነዋለን።»

«ቦዩ ከተደፈነ ፋብሪካው ይሞላል» አለ እንደሻው። «ፋብሪካው ከሞላ ይዘጋል።»

«አውቃለሁ።»

«ሙሴ እስኪመለስ ብትጠብቁ?»

«አቦ፣ እኔ ልጠብቅ፤ ሰላጣው ይጠብቃል? የበላሁትስ? ልጆቼን ያበላሁትስ? ሌላ መላ ካለህ አምጣ። እግርህን አይቻለሁ፣ ወላሂ አይቻለሁ። ግን ሐራም ውሃ ማሳዬ ውስጥ እየገባ ዝም ብዬ ልተኛ?»

ዑመር ጥቂት ቆሞ ሄደ። ዱካውን አወጣሁ፣ ውሃ አሞቅሁ። አዲሱ ቆዳ ከጣት ወደ ጣት ደርሶ ቁስሉን ሊዘጋው ነበር።

«ምን ላድርግ?» አለኝ።

«እግርህን ጠይቀው።»

«የእግሬማ መልስ የታወቀ ነው።» የእግሩን ጣቶች አንቀሳቀሰ። «ዑመር ግን በዚያ ውሃ ነው የሚበላው። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ የእሱ ማሳ ሲጠፋ ልመልከት?»

በማግስቱ እሑድ ነበር። ብሩሹ እንዲወጣ ተስማማ፤ ከቅዳሴ መልስ አብሬው ሄድኩ። ከሸለቆውም ከፋብሪካውም ሰው ተሰብስቦ ነበር። ውሃውን ወደ ጎን መለሱት፣ ከበሮው ቆመ። ከዚያ ግን ሁሉም ተያየ።

«ማን ይፍታው?» አለ አደም።

«እኔ ቆራቢ ነኝ» አለ ኪዳነወልድ።

«እኔም ሰጋጅ ነኝ።»

ሁሉም ወደ እንደሻው ዞሩ። ለዓመታት ማንም የማይገባበት ውሃ ውስጥ የኖረ ሰው ነው፤ ይህም የእሱ ድርሻ መሰላቸው። እሱም ጫማውን አወለቀ፣ ያንን አዲስ ቆዳ ይዞ ገባ፣ ቡሎኑን ፈታ፣ ብሩሹን እንደ ታመመ ሰው በሁለት እጁ ታቅፎ ወጣ። ሰዉ ገለል ገለል አለለት። ከቦዩ ራቅ ብሎ እንጨት ተከምሮ ነበር። እላዩ ላይ አኖረው፣ ጋዝ አፈሰሱ፣ ለኮሱት።

ሁላችንም አፍንጫችንን ያዝን። የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ለቆዳ ሠራተኛ አዲስ አይደለም፤ የእሪያ ደግሞ ምን ያህል ይከፋ ይሆን ብለን ጠበቅን። ሽታው አልመጣም። ብሩሹ ጎበጠ። ከዚያ እንደ ጧፍ ይንጠባጠብ ጀመር። ጥቁር ጠብታ እየነደደ ይወርዳል፣ መሬት ላይ ሲደርስ እንደ ጠጠር ይደርቃል። ሽታው የቤንዚን ይመስል ነበር። አደም በእንጨት ነካ አድርጎ ሲስበው እንደ ማር ክር ተሳበ።

ሰዉ ወደ እሳቱ ጠጋ አለ።

«ፀጉር ይከስላል» አለ አደም በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፀጉር አይቀልጥም።»

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?» አለ ኪዳነወልድ።

እኔ አወቅሁት። የኪዳነወልድ ሚስትም አወቀችው። ጎረቤታችን በከሰል ካውያ ያቃጠለችው መሀረብ እንዲሁ ነበር የቀለጠው። «ናይሎን ነው» አልን።

ለማውጣት ዘግይቷል። እሳቱ መካከል የቀረው ብረቱ ብቻ ነበር። ዑመር መሬት ላይ ተቀመጠና፣ «አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ» አለ። እንደሻው ወደ እግሩ አየ። ኖራው አዲሱን ቆዳ ቀድሞ አግኝቶታል፤ ቀልቷል።

ብሩሹን የታቀፈው እንደሻው ግን ለጥንቃቄ ሲባል መንጻት አልቀረለትም። ዑመር፣ «ናይሎንም ቢሆን ልባችን ይረፍ» ብሎ፣ በእነሱ ሥርዓት እጁን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር አሳጠበው። ኪዳነወልድ ደግሞ ከቤቱ ጠበል አምጥቶ ረጨው። «ከዛሬ ወዲያ በሐረር ከእኔ የጠራ ሰው የለም» አለ እንደሻው። ያን ጊዜ ሳቁለት።

ሙሴ ሲመለስ አልጮኸም። ቢጮህበት ይሻል ነበር። ባዶውን የብሩሽ ቦታ አይቶ፣ «ናይሎን» አለ። «አውሬው የሠሪው ምልክት ነው። ናይሎን ነበር።» ከዚያ እንደሻውን አየው። «ሌላ አዝዛለሁ። በመርከብ ነው የሚመጣው። እስኪመጣ ብሩሹ አንተ ነህ።»

እንደተባለውም ሆነ። ሥራው ከድሮው ከፋ። ድሮ ፍርግርጉ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ከበሮው ግን ይዞራል፣ ፋታ አይሰጥም። እንደሻው ውሃው ውስጥ ቆሞ፣ መጥረጊያ ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ወንፊቱ ባለፈ ቁጥር ይጠርጋል። መጀመሪያ ከቃጫ ብሩሽ ሊሠሩ ሞክረው ነበር። ዑመር ከአጥሩ ቃጫ ቆርጦ ቀጥቅጦ አመጣ፣ አደም በብረቱ ላይ ጠመጠመው። ግማሽ ቀን ሠራ። ከዚያ ቃጫው ራሱ እየረገፈ ወንፊቱን ደፈነው፤ ፀጉሩን ትቶ ቃጫ መልቀም ሆነ። ተውት።

ክረምቱ ገባ። እሱ ማታ ሲመጣ አይናገርም። ዱካው ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እኔ እግሩን ይዤ እቀራለሁ። ቁስሉ ተመልሶ ተከፈተ። የግራ እግሩ ትንሿ ጣት ጠቆረች። እኔም ደከመኝ። አንዳንድ ቀን ነጠላውን ጨምቄ ሳሰጣ ለምን እንደማደርቀው ይጠፋኛል።

አንድ ጠዋት ዑመር ሽርጡን እስከ ጭኑ ሰብስቦ፣ ቱርባኑን አጥብቆ ፋብሪካው መጣ።

«ውጣ» አለው።

«ምን?»

«አቦ ውጣ ብያለሁ! ደረቁ መሬት ላይ ሄደህ ተቀመጥ።»

«ዑመር፣ ይኼ የኔ ሥራ ነው።»

«ማሳዬን አድንልኝ ብዬ እግርህን አቃጠልኩ። ያ እሳት የማን ነው? መጥረጊያውን ስጠኝ።»

ገባ። ገና ከመግባቱ፣ «ሱብሃነላህ! ይኼ ውሃ ይናከሳል!» ብሎ ጮኸ።

«ገና ድድ ነው» አለው እንደሻው ከላይ ሆኖ። «ከሰዓት በኋላ ጥርስ ያበቅላል።»

ከዚያ ወዲያ ዑመር ማለዳ ማለዳ እየመጣ እስከ ምሳ ሰዓት ይቆምለት ነበር። ሙሴ አየ፣ አልከለከለም፣ ዘወርም አለ። አደምም አንዳንድ ቀን ያግዝ ነበር። ኪዳነወልድ ወገቡን ያመው ነበር። ሐሊማ ገበያ ላይ ስታገኘኝ፣ «ባሌን ቦይ ወሰደብኝ፣ ሰላጣዬን አረም በላው» ትላለች። ግን ካሮቱን በነጠላዬ ጫፍ ትቋጥርልኛለች። እኔም ሸክሟን አሸክሜያት እሄዳለሁ።

የእንደሻው ትንሿ ጣት ግን አልዳነችም። ድሬሰሩ ቆረጣት። «ለአሁኑ በጣት አለፍን» አለኝ። ዳግመኛ አስጠነቀቀው። እንደሻው ቁስሉ እንደ ጠገገ እግሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ወደ ቦዩ ተመለሰ። ምን ያድርግ? ወንበሩ ገና መርከብ ላይ ነው።

ብሩሹ የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ሳጥኑ ሲወርድ ከርከሮው ያው ነበር፤ ጥርሱም ያው፣ የጀርባው ፀጉርም እንደቆመ። ሠራተኛው ሁሉ ዙሪያውን ከበበ። እንደሻው ዑመርን አስጠራው። ዑመርም የሸለቆውን ሽማግሎች ይዞ መጣ።

እንደሻው ከብሩሹ አንዲት ክር ነቀለ። ያን ዝሆን ያለበትን ክብሪት አወጣና ለኮሰ። ክሯ ተኮማትራ፣ ጠብታ ሆና ጣቱ ላይ ወደቀች። «ኡፍ» አለና እጁን አራገፈ። ሽማግሎቹ ጠጋ ብለው አሸተቱ፣ አንዱ ሌላ ክር አስለኮሰ፣ ሦስተኛው ደግሞ። ሙሴ ብሩሹን ሊጨርሱት ነው ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ናይሎን ነው» አለ ዑመር። «ቢስሚላህ፣ አስገባው።»

ገባ። ውሃው ተለቀቀ። ከበሮው ዞረ፣ ብሩሹ ተሽከረከረ፣ የመጀመሪያው የፀጉር ጥቅል ገንዳው ውስጥ ሲወድቅ ጠብ የሚል ድምፅ አሰማ። እንደሻው መጥረጊያውን እንደያዘ ቆሞ ነበር፤ የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም። አደም ከእጁ ወሰደለት።

«ሳጥኑን ማን ይወስዳል?» አለ ሙሴ።

ኪዳነወልድ ወደ ሰማይ አየ።

«እኔ ለዶሮዎቼ እወስዳለሁ» አለ ዑመር። «አውሬውን ፍቄ።»

ወንበሩ የእንጨት ነው፤ መደገፊያው ላይ አንድ ጣውላ ጎድሏል። በማግስቱ ምሳ ይዤ ስሄድ እንደሻው በሩ ላይ ተቀምጦ፣ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር። ደነገጥኩ፤ በመጀመሪያው ቀን ተኝቶ ቢያገኙት ያባርሩታል ብዬ ልቀሰቅሰው እጄን ዘረጋሁ። ሙሴ ከግቢው ይወጣ ነበር። አየኝ፣ እሱንም አየው። ጣቱን አፉ ላይ አደረገና በሩን ራሱ ከፍቶ፣ ቀስ ብሎ ዘግቶት ሄደ።

ምሳውን አጠገቡ አስቀምጬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከግቢው ውስጥ የከበሮው መዞር ይሰማ ነበር፤ ጠብ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠብ። ከልማዴ የተነሣ እጄ ወደ እግሩ ሄደ። ክሩን ፈትቼ የግራ ጫማውን ሳወልቅለት አልነቃም። ነጠላዬን አዘጋጅቼ ነበር። በጣቶቹ መካከል ጣቴን አስገባሁ፤ አንዱን በአንዱ ዳበስኩ፣ የጎደለችውንም ቦታ ዳበስኩ። ደረቅ ነበር። የማደርቀው ነገር አላገኘሁም። እግሩን እንደያዝኩ እስኪነቃ ድረስ ተቀመጥኩ።